የበለስ ቁራጭ ሥር አያያዝ፦ ከውርጌሳና ከሀብሩ አንጻር የተደረገ ዳሰሳ

«በለስ» የሚለው ቃል በሰሜን ወሎም ሆነ በጠቅላላው በሰሜን ኢትዮጵያ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ዕፅዋት የሚጠሩበት ስም ነው፤ ስለዚህም በሀብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና ላይ በውጫሌና በመርሳ መካከል ባለችው ውርጌሳ አንድ ሰው በቤቱ የበለስ ቁራጭ ሥር ለማስያዝ ሲነሣ፣ የመጀመሪያው ችግር ከአፈሩም ከውሃውም አስቀድሞ ከስሙ ይመጣል። አንደኛው እሾሃማው የቁልቋል በለስ ሲሆን፣ መገኛው ሜክሲኮ ነው፤ ወደ ትግራይ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ ከዚያም በራያ በኩል ወደ ሰሜን ወሎ ደረቅ ተረተሮች ተዛምቷል። ሁለተኛው በድንጋያማ ገደላገደልና በወንዝ ዳር በዱር የሚበቅለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፊከስ ፓልማታ የሚባለው ትንሽ ዛፍ ነው። ሦስተኛው አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው እንደለበሱት በኦሪት ዘፍጥረት የተነገረለት፣ ዛሬ በቱርክ፣ በግብፅና በሌሎች የሜዲትራኒያን አገሮች በስፋት የሚለማው፣ በአገራችንም እዚህም እዚያም በከተማ ግቢዎች የሚታየው ፊከስ ካሪካ ነው። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ሦስተኛው ነው፤ ሁለተኛው ግን የሦስተኛው የቅርብ ዘመድ በመሆኑ በመጨረሻ ተመልሶ ይነሣል።

የስሙ መደራረብ የሚያስከትለው ጉዳት በተግባር የሚታይ ነው። የቁልቋል በለስን ለመትከል ከእናቱ ላይ የተቆረጠው ወፍራም ቅጠል መሰል ግንድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በጥላ ውስጥ ተቀምጦ ቁስሉ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ከዚያ በደረቅ አፈር ላይ ይተከላል፤ ሥር እስኪይዝም ድረስ ውሃ ይነፈጋል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ተክሉ በውስጡ የሚያስፈልገውን ውሃ አጠራቅሞ ስለያዘ ነው። ይህንኑ ምክር ሰምቶ የፊከስ ካሪካን የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ለሁለት ሳምንት በጥላ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ልጡ የተጨማደደ፣ እምቡጡ የሞተ እንጨት ብቻ ይቀርለታል። በአንጻሩ የዛፉ በለስ በሚፈልገው እርጥበት የተያዘ የቁልቋል ቁራጭ በጥቂት ቀናት ይበሰብሳል።

በለስ ለምን በዘር ሳይሆን በቁራጭ ይባዛል የሚለው ጥያቄ መልሱ በፍሬው አሠራር ውስጥ ነው። የበለስ «ፍሬ» የሚባለው ነገር በእውነቱ ውስጡ ባዶ የሆነ ሥጋማ ከረጢት ሲሆን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች ወደ ውስጥ ዞረው በግድግዳው ላይ ይደረደራሉ። እነዚህን አበቦች የሚያራክብ፣ ማለትም የወንዱን ብናኝ ለሴቴዋ የሚያደርስ፣ ብላስቶፋጋ ፕሴኔስ የሚባል አንድ ደቃቅ ተርብ ብቻ ነው። የቤት አትክልተኞች የሚተክሏቸው እንደ ብራውን ተርኪ፣ ካዶታና ብላክ ሚሽን ያሉ ዝርያዎች ግን ያለ ተርቡ ያፈራሉ፤ ይህ ያለ ርክበ ብናኝ የማፍራት ጠባይ በሳይንሱ ፓርቴኖካርፒ ይባላል። ፍሬያቸው ሳይራከብ ሲበስል ውስጡ ያለው ዘር መካን ስለሚሆን ቢዘራም አይበቅልም። ከቱርክ በሚመጣው የደረቀ በለስ ውስጥ ያለው ዘር የተራከበ በመሆኑ ሊበቅል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከሚበቅሉት ችግኞች ግማሽ ያህሉ የማይበሉ ወንዴ ዛፎች ሲሆኑ፣ ከሴቴዎቹም ብዙዎቹ ተርቡን ስለሚሹ ፍሬያቸውን በእንጭጩ ያረግፋሉ። በካሊፎርኒያ በ1880ዎቹ ከሰምርኔስ የመጡ የበለስ ዛፎች ለዓመታት ፍሬያቸውን ሲያረግፉ ኖረው፣ ምርት የሰጡት ተርቡ ከውጭ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1899 ከተላመደ በኋላ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በወልድያ የደረቀ በለስ ዘር ዘርቶ ዓመታት የሚጠብቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ድካሙ ከንቱ ይቀራል፤ ጣዕሙ የታወቀን ዛፍ እንዳለ የሚያስቀጥለው ቁራጭ ነው። የዚህ ዘዴ ዕድሜም ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሦስት ተመራማሪዎች በዮርዳኖስ ሸለቆ፣ ጊልጋል በተባለ ስፍራ የተገኙ 11,400 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የከሰሉ የበለስ ፍሬዎችን መርምረው፣ ፍሬዎቹ ዘራቸው መካን ስለሆነ ዛፎቹን ሰው በቁራጭ ያባዛቸው ነበሩ ሲሉ ጽፈዋል፤ ይህም ከእህል ልማት አንድ ሺህ ዓመት ያህል የቀደመ ግብርና ይሆናል። ድምዳሜውን የተቃወሙ ምሁራን ቢኖሩም፣ የበለስ ቁራጭ በቀላሉ ሥር እንደሚሰድ ግን የታወቀ ነው።

ታዲያ በቀላሉ ሥር የሚሰድ እንጨት በቤት ውስጥ ለምን ይሞታል? ለዚህ መልስ ለመቅረብ የወሎ ገበሬ ከሚያውቃቸው የበለስ ዘመዶች መነሣት ይጠቅማል። ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዋርካ፣ ሾላ፣ ባምባና ጭብሃ ሁሉም በፊከስ ወገን የሚመደቡ ናቸው፤ ሲቆረጡ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ማውጣታቸው የዝምድናቸው ምልክት ነው። ባምባ በጥንታዊት ግብፅ የሚያራክበው ተርብ ስላልነበረው ለሺህ ዓመታት የኖረው ሰው ቅርንጫፉን እየቆረጠ ስለተከለው ብቻ ነው። በትግራይ ደግሞ ጭብሃ ለከብት መኖ ሲባል በወፍራም ቁራጭ የሚባዛ ሲሆን፣ ገበሬዎቹ ቁራጩን ወዲያው ሳይተክሉ ለተወሰነ ጊዜ በጥላ የማቆየት ልማድ አላቸው። በእነዚህ ዛፎች የሚተከለው የክንድ ውፍረትና የሰው ቁመት ያለው ካስማ ነው፤ እንዲህ ያለው ካስማ በውስጡ የያዘው ውሃና ስታርች፣ ማለትም ተክሉ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስንቅ፣ ለወራት ስለሚበቃው ቢደርቅበትም ቢርስበትም ይችላል። በቤት ውስጥ የሚተከለው የፊከስ ካሪካ ቁራጭ ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ያለው፣ ስንቁም ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃ ነው። ካስማው የሚታገሠውን ስሕተት ቁራጩ አይታገሠውም፤ የቤት ውስጥ ተከላ ችግር የሚጀምረውም ከዚህ የስንቅ ማነስ ነው።

የበለስ እንጨት በአንጓዎቹ አካባቢ፣ ከልጡ ሥር፣ ገና ሳይቆረጥ የተዘጋጁ የሥር ጥንስሶች አሉት። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኙ እነዚህ ጥንስሶች ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ልጡን ቀድደው ይወጣሉ። እምቡጡ ግን ይህን ያህል አይጠብቅም፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከፍቶ ቅጠል ያወጣል። የቤት አትክልተኛውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ይህ የጊዜ ልዩነት ነው። ቅጠሉን ያየ ሰው ተክሉ ጸድቋል ብሎ ውሃ ይጨምራል፣ ወደ ፀሐይ ያወጣዋል፣ አንዳንዱም ሥሩን ለማየት ይነቅለዋል፤ በእውነቱ ግን ቅጠሉ የወጣው ከእንጨቱ ስንቅ ላይ ተበድሮ ነው፤ የሚመልስለት ሥር ገና የለውም። ቅጠሉ ውሃ ያተናል፣ ከታች የሚተካ የለም፤ ከሳምንት በኋላ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ጠውልጎ ሲታይ ደግሞ የውሃ ጥም ይመስልና ሌላ ውሃ ይጨመርበታል፤ በዚህ ጊዜ አፈሩ አየር ያጣና የተቆረጠው ጫፍ ጠቁሮ ይበሰብሳል። በቤት ውስጥ ከሚሞቱት የበለስ ቁራጮች አብዛኞቹ በዚህ ቅደም ተከተል የሚሞቱ ናቸው፤ የሚገድላቸውም ቸልታ ሳይሆን ያለ ጊዜው የተደረገ እንክብካቤ ነው።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ጉዳይ የመትከያው አፈር ነው። በአገራችን ችግኝ ጣቢያዎች የተለመደው የአካባቢ አፈር፣ የብስባሽና የአሸዋ ድብልቅ ሥር ላለው ችግኝ የተመጠነ እንጂ ሥር ለሌለው እንጨት አይደለም፤ ብስባሹ ሻጋታ ይጋብዛል፣ ሸክላማው አፈር ደግሞ ውሃ ይዞ አየር ይከለክላል። ሥር እስኪወጣ ድረስ ቁራጩ ከውጭ የሚፈልገው ምግብ የለም፤ የሚፈልገው እርጥበትና አየር በአንድነት ነው። ስለዚህ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ ወይም አሸዋ ከተፈጨ የእሳተ ገሞራ ቀይ ጠጠር ጋር ተቀላቅሎ፣ ከለም የጓሮ አፈር ይሻላል። በውጭ አገር የሚመከሩት እንደ ፔርላይት ያሉ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪዎች ሥራቸው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እነርሱን ፍለጋ መድከምም ሆነ እነርሱ የሉም ብሎ መተው አያስፈልግም። የእርጥበቱ ልክ የሚታወቀው ድብልቁን በእፍኝ ጨብጦ በመጭመቅ ነው፦ ከጣቶች መካከል ውሃ ከፈሰሰ በዝቷል፤ እጅ ሲከፈት ከተበተነ አንሷል፤ ሳይንጠባጠብ ተጣብቆ ከቀረ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ብድግ አድርጎ ክብደቱን መመዘን ያስተማምናል፤ አፈሩ ላይ ላዩን ቢደርቅም ዕቃው ከከበደ ውሃ አያስፈልገውም።

የአየሩ እርጥበት ከአፈሩ እርጥበት ተለይቶ መታየት አለበት። በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የውሃ ፕላስቲክ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ታችኛው ክፍል ከሥሩ ተበስቶ መትከያ ይሆናል፣ ላይኛው ክፍል ደግሞ ተቆርጦ ክዳን ሆኖ ቅጠሉ በሚያወጣው እርጥበት ውስጥ እንዲቆይ ያደርገዋል። ፕላስቲኩ ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ ሥሩ ሲወጣ ሳይነቀል ይታያል፤ ይህ ጥቅም ትልቅ ነው። ነገር ግን ያው ብርሃን አረንጓዴ ዋቅላሚ ስለሚያበቅልና ሥርም ጨለማ ስለሚወድ፣ የታችኛው ክፍል በጨርቅ ወይም በወረቀት ተሸፍኖ ለማየት ብቻ መገለጥ አለበት። ክዳኑ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውስጡ ያለውን ይቀቅለዋል፤ ጨርሶ ካልተከፈተ ደግሞ ያሻግተዋል። ቁራጩን በንጹሕ ውሃ ብቻ አስቀምጦ ሥር ማስያዝም የሚቻል ነው፤ ሆኖም በውሃ ውስጥ የወጣ ሥር ተሰባሪና የሥር ፀጉር የሌለው በመሆኑ ወደ አፈር ሲዛወር ብዙው ይሞታል። ሥሩ ገና እንደ ነጭ ነጥብ ብቅ ሲል ካልተዛወረ ይህ ዘዴ የሚያስገኘው ደስታ አጭር ነው።

ሁለተኛው ሰፊ ጉዳይ ጊዜና ሙቀት ነው፤ በዚህ ረገድ በሌላ አገር የተጻፈ ምክር እንዳለ ሲወሰድ ያሳስታል። የሜዲትራኒያንና የአሜሪካ መመሪያዎች ቁራጩ የሚወሰደው ዛፉ በክረምት ቅዝቃዜ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ ባንቀላፋበት ወቅት ነው ይላሉ። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የበለስ ዛፍ ለምልሞ በማደግ ላይ ስለሚሆን ከእርሱ የተወሰደ ለጋ ቅርንጫፍ ውሃ የበዛበት፣ ስታርች ያነሰበት ነው። በሀብሩ የእነርሱን ክረምት የሚተካው በጋው ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አፈሩ ይደርቃል፣ ዛፉም ቢያንስ በከፊል ቅጠሉን አራግፎ ስንቁን ወደ እንጨቱ ይመልሳል። ቁራጩ በጥር መጨረሻ፣ የበልግ ዝናብ ከሚጠበቅበት ከየካቲት ቀደም ብሎ ቢወሰድ የበሰለ እንጨትና እየሞቀ የሚሄድ አየር በአንድነት ያገኛል፤ ሥር ይዞ ከጠነከረ በኋላም የሐምሌ ዝናብ መሬት ላይ ይቀበለዋል። በልጉ የማይታመን መሆኑ በዚህ አካባቢ ለእህል ገበሬ ከባድ ነገር ነው፤ በጣሪያ ሥር በእፍኝ ውሃ ለሚኖር ቁራጭ ግን ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ሥር ለማውጣት ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ይስማማዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሲሪንቃ ወረድ በሚሉት የሀብሩ ቀበሌዎች ይህ ሙቀት በየካቲትና በመጋቢት በቀላሉ ይገኛል፤ ከፍ ባለችው ወልድያ ግን ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ዕቃውን በቀጥታ መሬት ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ከጣውላ ላይ አድርጎ ቀን ፀሐይ በሚያሞቀው ግድግዳ አጠገብ ማዋል ይመረጣል።

ወተቱ ብዙ ያልተስማሙ አስተያየቶች የሚሰጡበት ነጥብ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት መካከል በሚቆጠረው በተረፈ ባሮክ፣ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነሣ በሙዳዩ ያለው በለስ ገና ወተቱ ሲንጠባጠብ እንዳገኘው ይተረካል፤ ወተቱ የትኩስነት ምልክት መሆኑን የጥንት ሰዎችም አስተውለው ነበር። ለተካዩ ወተቱ ሁለት ነገር ይነግረዋል፦ እንጨቱ ሕያው መሆኑን፣ ቁስሉም ገና ያልተዘጋ መሆኑን። በዚሁ አካባቢ ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ ወተቱ እስኪደርቅ ተቀምጦ ሲተከል እንደሚሻለው ሁሉ፣ የበለስ ቁራጭም ወተቱ ታጥቦ ለጥቂት ሰዓታት በጥላ ጫፉ እንዲጠግግ ቢደረግ የመበስበስ አደጋው ይቀንሳል። ጥቂት ሰዓታት ማለት ግን ጥቂት ሰዓታት ነው፤ የቁልቋሉ ሁለት ሳምንት አይደለም። ወተቱ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቆስል በመሆኑም በተለይ ሕፃናት ሊነኩት አይገባም።

ስለ ሥር ማስወጫ ሆርሞን የሚባለው ነገር ከሚገባው በላይ ገኗል። ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ የሚባለው ቅመም የሥሮቹን ቁጥር ሊጨምር ይችላል፤ በለስ ግን ያለ እርሱም ሥር የሚሰድ ተክል ነው። በወሎ ወንዞች ዳር የሚበቅለው የአኻያ ቅርንጫፍ ተዘፍዝፎበት የወጣ ውሃም ለዚሁ ይመከራል፤ በውስጡ ሥርን የሚያነቃቁ ነገሮች ቢኖሩም ውጤቱ ወጥ አይደለም። ማር ሻጋታን ይከላከላል እንጂ ሥር አያስወጣም። እነዚህ ሁሉ ተደምረው አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ የፈሰሰ ውሃ ያደረሰውን ጉዳት አይጠግኑም።

ተባይና በሽታን በተመለከተ ግን የአካባቢው ሁኔታ ከመጻሕፍቱ የተለየ ትኩረት ይሻል። በሀብሩ ቆላማ ክፍል ምስጥ ሥር ላልያዘ እንጨት ዋና ጠላት ነው፤ ቁራጩን በቀጥታ መሬት ላይ መትከል በወልድያ ሊሳካ ቢችልም በቆላው ለምስጥ እንደመመገብ ስለሚቆጠር፣ ዕቃውን በድንጋይ ላይ ከፍ ማድረግ ይበጃል። ሁለተኛው በዓይን የማይታየው ሥር አሳባጭ ኔማቶድ ሲሆን፣ ቲማቲምና ቃሪያ በመስኖ በተደጋጋሚ በለማበት አፈር ውስጥ ይበዛል፤ በለስ ለዚህ ደቃቅ ትል በጣም ተጋላጭ ስለሆነ ከአትክልት መደብ የተወሰደ አፈር ለመትከያ አይመረጥም። ሦስተኛው የበለስ ሞዛይክ ቫይረስ ነው፤ ቅጠሉን በቢጫ ነጠብጣብ የሚያዥጎረጉረው ይህ በሽታ በቁራጩ ውስጥ ሆኖ ከአገር አገር ይጓዛል። ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶች በሻንጣቸው ቁራጭ እንዲያመጡ መለመን እየተለመደ በመጣበት ጊዜ ይህ በግልጽ መነገር አለበት፦ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የእጽዋት ኳራንቲን ደንብ ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ምስክር ወረቀት የሚገባ ተክልን ይከለክላል፤ ክልከላውም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የማንጎ ነጭ ቅርፊት ነፍሳት በጥቂት ዓመታት ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቶ ማንጎ አምራቾችን ጎድቷል፤ ማንጎና ብርቱካን የብዙ ቤተሰብ ገቢ በሆነበት በመርሳና በግራና ዙሪያ ሌላ እንግዳ ተባይ ለአንድ ቁራጭ ሲባል መጋበዝ የለበትም።

ሥር የያዘው ቁራጭ ሁሉ ዛፍ አይሆንም። በክዳን ውስጥ የኖረ ቅጠል ስስ በመሆኑ ክዳኑ በአንድ ቀን ከተነሣ በዚያው ቀን ይጠወልጋል፤ ክዳኑ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተገለጠ በአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ መለመድ አለበት። ሥሩ የመትከያውን ዙሪያ ሳይሞላ ወደ ትልቅ ዕቃ ማዛወርም፣ በዚያው ዓመት ያወጣውን ትንሽ ፍሬ ከመቁረጥ መሳሳትም ችግኙን ያዳክማሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፍየል ነው፤ የበለስ ቅጠል ለፍየል የሚስማማ መኖ ስለሆነ ያለ አጥር የተተከለ ችግኝ ዕድሜው አጭር ነው።

እናት ዛፉ በአቅራቢያ ካለ ግን ይህ ሁሉ ድካም ላያስፈልግ ይችላል። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ መካከሉን አፈር በማልበስና በድንጋይ በመጫን፣ ከእናቱ ሳይለይ ሥር እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ውሃና ምግብ ከእናቱ ስለሚደርሰው የስንቅ ማለቅ ችግር የለበትም፤ ሥር መያዙ ከተረጋገጠ በኋላ ተቆርጦ ይዛወራል። የዚህ ዳሰሳ ፍርድም ይኸው ነው፦ ዛፉ በግቢው ወይም በጎረቤት ላለው ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ቅርንጫፍ መቅበር ነው፤ ቁራጭ ዛፉ ሩቅ ለሆነበት ሰው የተተወ፣ ጥንቃቄው የበዛ መንገድ ነው።

በሀብሩ የበለስ ቁራጭ እንዴት በተሻለ ሥር እንደሚይዝ የሚለውን ጥያቄ በመረጃ ለመመለስ የሚያስችሉ ተቋማት ከውርጌሳ ብዙም ሳይርቁ ይገኛሉ። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ስሙ የታወቀው እንደ ግራና አንድ ባሉ የማሽላ ዝርያዎች ነው፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲም በመርሳ የግብርና ትምህርት ይሰጣል። በለስ ድርቅን በመቋቋምና በድንጋያማ መሬት በማፍራት የታወቀ ዛፍ ሆኖ ሳለ ከማንጎና ከአቮካዶ ጋር ሲነጻጸር የችግኝ ጣቢያዎችን ትኩረት አላገኘም። በዱር የሚበቅለው ፊከስ ፓልማታ ለፊከስ ካሪካ መተከቢያ ግንድ ሆኖ ኔማቶድንና ድርቅን ይቋቋምለት እንደሆነ፣ በጥር የተወሰደ ቁራጭ በመስከረም ከተወሰደው ምን ያህል እንደሚበልጥ፣ አሸዋ ብቻውን ከአሸዋና ቀይ ጠጠር ድብልቅ ጋር ሲወዳደር ምን ያህሉን እንደሚያጸድቅ አንድ የመርሳ ተማሪ በአንድ ዓመት የመመረቂያ ሥራው በጥቂት ወጪ ሊፈትነው ይችላል። የሚመለከታቸው መምህራን ይህን ርዕስ ለተማሪዎቻቸው እንዲሰጡ፣ በቤታቸው የሚሞክሩ የአካባቢው ሰዎችም ቁራጩ የተወሰደበትን ቀን፣ የተከሉትን ቁጥርና የጸደቀውን ቁጥር በደብተር እንዲይዙ ይህ ዳሰሳ ይጠይቃል።